የአየሁሽ ኪኒን

«ትደርሳለች?»

አባቴ ከቢቸና ደውለው፣ ስልኩን እንዳነሣሁት የጠየቁኝ ይህን ነው። ሰላምታ ሳያደላድሉ ወደ ነገር የሚገቡ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ወልደ ኪዳን ይሏቸዋል። የዝናሙን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ደኅንነት ሳይጠይቁ የራሳቸውን ጉዳይ አያነሡም። ያን ቀን ግን የተናገሩት አንዲት ቃል ብቻ ነው።

«የት ነው የምትደርሰው፣ አባየ?» አልሁ፣ እያወቅሁ።

«ዳግማይ ትንሣኤ።»

«ውጤቷን ሳላነብ አልናገርም» አልኋቸው።

ታላቅ እህቴ አየሁሽ ሞጣ ውስጥ ታማ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሳል አልለቃት ሲል ባሏ ቢያድግልኝ ባሕር ዳር ወሰዳት፤ እዚያ ሳንባዋ ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ከዕጢው የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደምሠራበት ላብራቶሪ መጣች። የእኔ ሥራ ይኸው ነው። ካንሰር ከያዘው ሰው ዕጢ ውስጥ የተለወጡትን ዘረመሎች አነባለሁ፤ ያ ለውጥ የነበረባቸው ሌሎች ሰዎች ምን ያህል እንደ ቆዩ አያለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ይኸኛው ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል እገምታለሁ። ግሮኒንገን በምትባል የሆላንድ ከተማ ዓመታት ተቀምጬ የተማርሁት ይህን ነው። ስመለስ አገሬው ሁሉ «ታዲያ ታድናለህ?» ይለኝ ነበር። አላድንም። እገምታለሁ። ይህን ስናገር የሰው ፊት ላይ የማየውን ነገር ስለማልወደው፣ ከጊዜ በኋላ «አዎ፣ ካንሰር ላይ ነው የምሠራው» ብዬ ማለፍ ጀምሬ ነበር።

የእህቴ ልጅ የአርሴማ ሠርግ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። ሽማግሌዎቹን ተቀብላ ያስተናገደችው፣ ቀኑን የቆረጠችው፣ በሬውን ከገበያ መርጣ ለድለባ ያሰረችው ራሷ አየሁሽ ናት። አሁን ሠርጉ ወይ ወደ ጥር መሳብ አለበት፣ ወይ በቀኑ መጽናት። ጥር ካለፈ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ ፋሲካ እስኪፈታ ሠርግ የለም። ወደ ጥር ከተሳበ ደግሞ አየሁሽ «ለምን?» ትላለች። «ለምን» ብላ ጠይቃ፣ መልስ ሳታገኝ የምትተው ሴት አይደለችም። የበሽታዋንም ስም ያልነገርናት እሷን ብቻ ነው። እሷን ብቻ ማለቴ፣ እሷንና አርሴማን፤ አርሴማ ካወቀች ፊቷ ይናገራልና።

ስለዚህ አባቴ የሚፈልጉት ግምት ሳይሆን ቁርጥ ነበር።

ውጤቱን ያነበብሁት ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲያነበው መስጠት ነበረብኝ፤ አልሰጠሁም። ከረጅሙ የፊደል ሰልፍ መካከል አንዲት አጭር ክፍል ጎድላ አገኘኋት። ያቺ ጉድለት ናት ሕዋሱን «እደግ፣ እደግ» እያለች ያሳበደችው። ነገር ግን ለዚያች ጉድለት ልክ ሆኖ የተሠራ ኪኒን አለ። ሌላ ዓይነት ለውጥ ያለበት ሰው ቢውጠው አይረባውም፤ ያቺ ጉድለት ያለችበት ሰው ሲውጠው ግን ዕጢው ይሟሽሻል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ካንሰር አንብቤ ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ እንደማይቀበሉ ስለማውቅ በማግስቱ ዓባይን ተሻግሬ ቢቸና ገባሁ። ተማሪዎቻቸው ከግቢው ማዶ በየጎጆዋቸው እያንጎራጎሩ ነበር። አባቴ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኛቸው በኩል፣ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እህሳ?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው፣ አባየ። ዕጢዋ ውስጥ ያለው ለውጥ መድኃኒት ያለው ዓይነት ነው። በየቀኑ አንድ ኪኒን ትውጣለች። እንደ እሷ ያሉ መቶ ሰዎች ይህን ቢወስዱ ሰባው ከዓመት በላይ ይቆያሉ። ሦስትና አራት ዓመት የሚቆዩም አሉ።»

«ሰባው።»

«አዎ።»

«ሠላሳውስ?»

«እነሱ ላይ በሽታው ቶሎ ይበረታል።»

ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምንይሉ፣ እኔ መቶ ሴት ልጅ የለኝም። ያለችኝ አንዲት ናት። ሰባ እጇ ሠርግ ውሎ ሠላሳ እጇ መቃብር አይወርድም።»

«ማወቅ የምችለው እስከዚህ ድረስ ነው።»

«እንግዲያ ያን ያህል ዘመን በሰው አገር ምን ስትማር ቆየህ?»

ቁጣ አልነበረበትም። በእውነት ነው የጠየቁኝ። እንደ አንድ ተማሪያቸው፣ የተማርሁትን እንዳሳይ። እኔ ራሴን ያቺን ጥያቄ ስንቴ ጠይቄያለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ ግን ትከብዳለች። ፀሐዩና የተማሪዎቹ ድምፅ ተደማምረው ሳይሆን አይቀርም፣

«ትደርሳለች» አልሁ።

ዐይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ነቀነቁ። ቀስ ብለው ጸለዩ። ሠርጉ በቀኑ ጸና።

«ግን ትወቀው፣ አባየ» አልኋቸው። «ምን እንደምትውጥ ትወቅ። ሰው የገዛ በሽታውን ሊያውቅ ይገባዋል።»

«እናትህ አውቃ ነበር» አሉ። «የማርቆሱ ሐኪም ፊት ለፊት ነገራት። ከዚያ ቀን በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ውሃ እንኳ በማባበል ነበር። አንተ ትንሽ ነህ፣ አታስታውስም። በሽታው አልገደላትም፤ ስሙ ነው የገደላት።» ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት አመለከቱኝ። «በጊዮርጊስ ማልልኝ። ለእሷም ለልጇም አንዳች እንዳትተነፍስ።»

ማመኔንና አለማመኔን ለይቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ማልሁላቸው።

ኪኒኑ ሆላንድ ባለች የድሮ ባልደረባዬ በኩል ተላከልኝ። ይዤው ሞጣ የገባሁት ኅዳር ሊወጣ ሲል ነው። አየሁሽና ቢያድግልኝ ጤፍ ይነግዳሉ፤ እሷ ደጅ ላይ ተቀምጣ በቁና የሚሰፍረውን ልጅ እየተቆጣጠረች ነበር። ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ተጠምጥማለች። ትከሻዋ ሾሏል።

«ፈረንጁ መጣ» አለች። «እስኪ ቀረብ በል። ምነው ከሳህ? የታመምሁት እኔ ነኝ አንተ?»

«እታለም፣ ኪኒን ይዤልሽ መጣሁ።»

«ለምኑ?»

«ለሳንባሽ። ውሃ ቋጥሯል።»

«ውሃ ለቋጠረ ሳንባ ከሆላንድ ኪኒን ይመጣል? ሞጣ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ሁሉ እንዲህ ይደረግለታል?»

«ወንድም ያለው ይደረግለታል።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች፤ ዐይኗ ግን ከፊቴ ላይ ቶሎ አልተነሣም። ቢያድግልኝ በሩን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ደረቅ ሳል ተሰማ፤ አየሁሽም ተከትላ ሳለች፣ ሳለችና እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«እማሆይ ወለተ ገብርኤል ናቸው፣ ጎረቤታችን» አለችኝ። «እሳቸው ያነሣሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። ሌሊት ማሕሌት የቆምን ነው የምንመስለው። ቢያድግልኝን ጠይቀው፣ እንቅልፍ አጥቶ ሊመነኩስ ነው።»

«በየቀኑ አንድ» አልኋት ዕሽጎቹን እየሰጠሁ። «አንድም ቀን እንዳታሳልፊ። ከፋሲካም የሚተርፍ ነው።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

«ዶክተርነቴ የሐኪም አይደለም።»

«አውቃለሁ። የምንም ዶክተር ብትሆን እሺ ብዬሃለሁ።»

ከገና በፊት ሳሉ ቀነሰ። ከዚያ ጠፋ ማለት ይቻላል። አርሴማ ስልኳ ላይ ቴሌግራም ከፍታላት ድምፅ መላክ አስተምራት ነበር፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ድምፅዋን እሰማ ጀመር። «ዛሬ ሞጣ ጊዮርጊስ ቆሜ አስቀደስሁ፣ መቋሚያም አልያዝሁ» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «በሬው ከእኔ ጋር እየተፎካከረ ይወፍራል» ትላለች። አንድ ጠዋት የላከችው እንዲህ ይል ነበር፦ «ሳሉ እኮ ጠፋ፣ ሆዴ። እማሆይ ብቻቸውን ቀሩ። እሳቸው ያነሣሉ፣ የሚቀበላቸው የለም። ሌሊት ስሰማቸው አንጀቴን ይበሉታል።»

ሰምቼ ፈገግ አልሁ። ይህን ያህል ነው የሰማሁት።

ጥር በሌሎች ሰዎች ሠርግ አለፈ። አርሴማ ለጓደኞቿ ሚዜ ሆና ዋለች። አባቴ ደውለው የዝናሙን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ነገር አንድ በአንድ ከጠየቁኝ በኋላ፣ «ደኅና ናት አሉ» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ምስጋና አስፈራኝ። ግን ደግሞ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ከተመለስሁ ጀምሮ ምን ላደርግ እንደ መጣሁ የማላውቅ ሰው ነበርሁ፤ በዚያ ጥር የማውቅ መሰለኝ።

ጾሙ ተጋምሶ፣ ደብረ ዘይት ባለፈ ሰሞን አርሴማ ደወለች። በዚያን ጊዜ በግጭቱ ሳቢያ የጎጃም መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን ሳምንት የሚዘጋ፣ ስልኩም እንደዚያው ነበር። መስመሩ ይንኮሻኮሻል።

«ጋሼ፣ ኪኒኑ አልበቃ አለ። ሌላ ላክልን።»

«እንዴት አይበቃም? ከፋሲካ የሚተርፍ ነው የሰጠኋት።»

«ለሁለት ነዋ የሚውጡት።»

«ከማን ጋር?»

«ከእማሆይ ጋር። አልነገረችህም? ከጥምቀት ጀምሮ እኮ ነው። አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እሳቸው። ለሳቸው የሆነ ዕሽግ ቆጥራ ሰጥታቸዋለች።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «አሁን እንዴት ናት?»

«ሳሉ ተመልሶባታል። ትንሽ ያልባታል። ጾሙ ነው ትላለች።»

«ስጫት።»

ስልኩ እጅ ሲቀያየር ሳሏን ሰማሁት። የበፊቱ አልነበረም፤ ከሥር የመጣ ነበር።

«እታለም፣ ኪኒኑን ለሰው ትሰጫለሽ?»

«ለሰው አይደለም፣ ለእማሆይ ነው።»

«ለእሳቸው አይሠራም። ላንቺ ብቻ ነው የሚሠራው።»

«ሳል ሳል ነው፣ ምንይሉ። የእኔን ያዳነ የእሳቸውን ምን ይለዋል? ጠበል ሰው ይለያል እንዴ?»

«ይኼ ይለያል።»

«አንተ ደግሞ እንዲህ ስስታም መቼ ሆንህ? ድሮ ቆሎህን ለጓደኛህ ሁሉ በትነህ እያለቀስህ የምትመጣው አንተ አልነበርህ?» ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ለምን እንደሚለይ ንገረኝና እተዋለሁ።»

አፌን ከፈትሁ። ጉልላቱን፣ የአባቴን ጣት፣ ግድግዳውን፣ ወደ ግድግዳ የዞረውን የእናቴን ጀርባ አየሁ። አታስታውስም ብለውኝ የለ፤ አስታውሰዋለሁ። «እታለም፣ ስሚኝ፣» ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልሁ፤ የለም። ቢያድግልኝ ጋ ደወልሁ፤ የለም። አባቴ ከመሐላው ይፍቱኝ ብዬ ቢቸና ደወልሁ፤ እሱም የለም።

ያኔ ቴሌግራሙን ከፍቼ ጻፍሁላት። ማንበብ ትወዳለች፤ ከአባቴ ተማሪዎች ጋር ፊደል የቆጠረች ናት።

«እታለም፣ ያመመሽ ካንሰር ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ አርሴማ ብቻ አታውቅም። አባየ አስምለውኝ ደበቅሁሽ። ኪኒኑ የሳል አይደለም፤ ዕጢሽ ውስጥ ላለችው ጉድለት ብቻ የተሠራ ነው። እማሆይ ላይ አይሠራም። የሰጠሻቸውን ተቀብለሽ ከዛሬ ጀምረሽ በየቀኑ አንቺ ዋጪው። ሠርጉን ወደ ጥር ያልሳብነው እንዳትጠረጥሪ ብለን ነው። ትደርሳለች ያልሁት እኔ ነኝ። እባክሽ፣ አድርሺኝ።»

አንድ ራይት ወጣ። መነበቡን የሚያሳየው ሁለተኛው አልወጣም።

በዚያ ቀን የጠፋው ስልክና ኢንተርኔት ሳምንታት ቆየ። አዲስ ኪኒን ተቀብዬ ይዤ አውቶቡስ ተራ እመላለስ ነበር፤ ሾፌሮቹ ከጎሐ ጽዮን ወዲያ መኪና አያልፍም ይላሉ። ማመን አቅቶኝ አንድ ቀን ጎሐ ጽዮን ድረስ ሄድሁ። ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ባዶውን ተጣጥፎ ይታያል። ማዶ ደጀን፣ ከደጀን ወዲያ ቢቸና፣ ከዚያ ሞጣ። ኪኒኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሻይ ቤቷ ሴትዮ «የሚጠብቅዎት ሰው አለ?» አለችኝ። «አዎ» ብዬ ተመለስሁ።

በሰሙነ ሕማማት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት የአገሬ ሰዎች ቆመዋል፤ ፊት ለፊት ዘመዳችን ጋሽ ፋንታ፣ ከኋላው ሌሎች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በኋላ ስሰማ ስልኩ ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ተለቆ ነበር። ቢያድግልኝ ለጋሽ ፋንታ ደውሏል፤ ለእኔ ግን አልደወለም። መርዶ እንደዚያ አይነገርምና። ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ነበር፤ እኔም መስመሩ የተዘጋ መስሎኝ ተኝቼ ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ ሞጣ የገባሁት ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ለአርባዋ ነው። ቢቸና ላይ አባቴን ይዤ አለፍሁ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ፣ «ፍትሐቷን ከሁላችን ጋር ሰምታለች» አሉ። በሰሙነ ሕማማት ለሚሞት ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ለሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ይደረጋል። ካህን ያልሆንሁትም ይህን አውቃለሁ።

«ሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደች?»

«በቃሬዛ። ካልወሰዳችሁኝ ብላ አስቸገረች። አርሴማ አብራት ነበረች።» ከዚያም፣ «ከሰባዎቹ ነበረች ወይስ ከሠላሳዎቹ?» አሉኝ።

«ከሁለቱም አይደለችም፣ አባየ። እነዚያ መቶ ሰዎች ኪኒናቸውን ለጎረቤት አያካፍሉም ነበር። እንደ እሷ ያለ ሰው የቆጠረ የለም።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዳሱ ተጥሎ፣ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሕዝቡ ሲመገብ እማሆይ ወለተ ገብርኤል አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እንደ በፊቱ ይስላሉ። ያ ሳላቸው የጭስና የእርጅና ነው፤ ብዙ ዓመት የኖረ፣ ገና ብዙ ዓመት የሚኖር።

«ምንይሉ ማለት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ሲፈቱ እጃቸው ዘገየ። ከቋጠሮው ውስጥ ኪኒኖቹ ወጡ። ብዙ ነበሩ።

«ጥቂቱን ዋጥሁት» አሉ። «አፌን አቆሰለኝ፣ ገላዬ ሽፍ አለ። ተውሁት። ከራሷ ቀንሳ ሰጥታኝ እንዴት አልሆነኝም ልበላት? በተራዬ ቀን ሁሉ በግድግዳው በኩል ‹ዋጡት እማሆይ?› ትለኛለች። ‹ዋጥሁ› እላታለሁ። ሳሌን እንዳትሰማ በትራስ አፍኜ እስል ነበር። ሲብስባት ይዤ ሄድሁ፤ የሚበጅ ከሆነ አንቺው ዋጪው አልኋት። ‹እርስዎ ጋ ይቀመጥ› አለችኝ። ለሌላ ሰው ይሆን እንደሁ ውሰደው፣ ልጄ።»

መዳፌን ዘረጋሁ። ግድግዳው አንድ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ ከዚህ ወዲያ ሲሳል የሚሰማ። ኪኒኖቹ በእሱ ማዶ ሳምንታት ተቀምጠው ነበር።

አርሴማ እንጀራ እየጨመረች ከፊታችን ቆማ ነበር። ጥቁር ልብስ ፊቷን አሳንሶታል። ኪኒኖቹን አየች፣ እኔን አየች።

«ጋሼ» አለች፣ «ለእማሆይ ለምንድነው የማይሆነው? እናቴም አንተን ይህንኑ ጠይቃህ ነበር፤ አጠገቧ ነበርሁ።»

አባቴ ከካህናቱ መካከል ቀና ብለው ተመለከቱኝ። ጭራቸው ቆመ።

«በኋላ እነግርሻለሁ» አልሁ።

«በኋላ» አለች። ሌማቱን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። በሬው አለመታረዱን የነገረኝ ቢያድግልኝ ነው፤ ሠርጉ ለሚመጣው ጥር ተላልፏል፣ በሬውም እስከዚያ አይቀለብም ተብሎ ተሸጧል። የእናቷን ስልክ አርሴማ ሳጥን ውስጥ እንደ ቆለፈችበት ነገረኝ። ቻርጅ ካጣ ቆይቷል፤ ሞጣም ገና ኢንተርኔት አልመጣም። ስልኩን ስጡኝ ማለት ነበረብኝ። በአርባዋ ዳስ ውስጥ የሟች ስልክ ስጡኝ የሚል ወንድም እንዴት ያለ ነው? አላልሁም።

በማግስቱ አባቴን ቢቸና አውርጄ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ። ሥራ ቀጠልሁ። የሰው ዕጢ ይመጣል፣ አነባለሁ፣ እገምታለሁ። የምጽፈው ቁጥር ያው ነው፤ ቁጥሩን ስጽፍ ግን መንገዱ ክፍት ይሁን፣ ሰውየው ጎረቤቱ ማን ይሁን የሚያውቅ ዘረመል እንደሌለ ደጋግሜ አስባለሁ። ይህን ለአለቃዬ ብነግረው «ጥናት አድርገው» አለኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጎጃም ኢንተርኔት ተለቀቀ ተባለ። እኔም እንደ ልማዴ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስልኬን አየሁ። ከድምፆቿ ሁሉ በታች፣ የአየሁሽ ስም ሥር፣ አንዱ ራይት ሁለት ሆኖ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት። ከዚያ የአርሴማን ስም ፈልጌ መጻፍ ጀመርሁ። አጠፋሁ፣ ጻፍሁ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦

«አርሴማ፣ ያነበብሽው እውነት ነው። በኋላ እነግርሻለሁ ያልሁሽም ይኸው ነበር። በጥር ተድረሽ እናትሽ አይታሽ ልትሄድ ትችል ነበር። አንቺ ሳትሰሚ ነው የቆረጥነው። ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ አብረሻት የነበርሽ አንቺ ነሽ። ሆሳዕና ዕለት ካልወሰዳችሁኝ ያለችው አውቃ ነበር? ለእማሆይ ስትሰጥስ ታውቅ ነበር?»

ሁለቱ ራይቶች ወዲያው ወጡ። ከስሟ ሥር «እየጻፈች ነው» የሚለው ታየ፣ ጠፋ፣ እንደገና ታየ።

ከዚያ ጠፋ። ሠርጉ የተላለፈበት ጥርም መጥቶ አለፈ፤ መልስ አልመጣም።